ከመስመሩ ወዲህ ያለው ሞተር

ጋራዡን ለሁለት የከፈለው ቢጫ መስመር ከትልቁ በር ተነሥቶ እስከ ኋለኛው ግድግዳ ይዘልቃል። የቀባው ባልዬው ራሱ ነው። ገመድ ወጥሮ፣ በጉልበቱ እየዳኸ፣ የቀድሞ ሚስቱ ድርሻ በጣት ስፋት እንኳ እንዳይበልጥ ሁለት ጊዜ ለክቶ ቀባው። ዳኛው "ትዳሩ ፈርሷል፤ ጋራዡ ግን የኪራይ ነውና ውሉ እስኪያልቅ ሁለታችሁም እኩል ትሠሩበታላችሁ" ካላቸው ቀን ጀምሮ፣ የቀድሞዎቹ ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር ዓይንና ናጫ ሆነው ይውላሉ። የውሃ ቧንቧው በእሷ በኩል ቀረ። እሱ ለራዲያተር የሚሆን ውሃ ከቤቱ በጀሪካን ይሸከማል እንጂ "ውሃ ስጪኝ" ብሎ አፉን አይከፍትም። ቢጠይቅ አትከለክለውም ነበር፤ ጀሪካኑን እያነከሰ ሲያስገባ ማየት ግን አንጀቷን ያርሰዋል።

ሰፈሩ ሁለቱንም በስማቸው አይጠራቸውም። እሱ "ሐኪሙ" ነው፤ የካቻቢቴ እጀታ ጆሮው ላይ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ ደግኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የመኪናውን በሽታ ይናገራል። እሷ "ቫዝሊን" ናት። ስሙን ያወጣላት እሱ ነው፤ እንዴት እንዳወጣው ትንሽ ቆይቶ ይመጣል።

ቫዝሊን ሥራውን የለመደችው በትዳር ነው። የልብስ ሰፊ ልጅ ነች። ትምህርቷን ጨርሳ ስታገባው መኪና ማለት ለእሷ የሚሳፈሩበት ነገር ብቻ ነበር። መጀመሪያ ዕቃ በቤንዚን አጠበች፣ ከዚያ ብሎን ለየች፣ ከዚያ እሱ ማንበብ የሚሰለቸውን መመሪያ እያነበበች "እዚህ ጋ እኮ እንዲህ ይላል" ማለት ጀመረች። እሱ በጆሮው ይሠራል፣ እሷ በመለኪያ። አባቷ ሳይለካ መቀስ የሚያነሣን ሰው ከሌባ ለይቶ አያየውም ነበርና መለካት በደሟ ያለ ነገር ነው።

አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ሠሩ። ትዳሩን የበላው መጠጥ አይደለም፣ ሌላ ሴትም አይደለችም። አንድ ቀን ሐኪሙ ያሰረው የፍሬን ቱቦ መንገድ ላይ ተፈታና የደንበኛ መኪና የሰው አጥር ጥሶ ቆመ። ደንበኛው እየጮኸ ሲመጣ ሐኪሙ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ "እሷ ናት ያሰረችው" አለ። እሷ አጠገቡ ቆማ ነበር። ደንበኛው ያወረደባትን ስድብ ሁሉ ሰምታ፣ እጇን ታጥባ፣ ቤት ገብታ ልብሷን በሻንጣ ከተተች።

ንብረት ሲካፈሉ የአየር መጭመቂያውን፣ ብየዳውንና ደንበኞቹን እሱ ወሰደ። ለእሷ አንድ እግሩ የሚወላገድ ጠረጴዛ፣ የመጻሕፍቱ ካርቶንና መኪናዋ ደረሷት። መኪናዋ ዝቅ ያለች፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ቀይ ቀለሟ ወደ ብርቱካን የደበዘዘ የስፖርት መኪና ናት። ሐኪሙ በጎረምሳነቱ ከነፍሱ አስበልጦ ይወዳት ነበር። ከክፍፍሉ ስምንት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት አልነሣ አለችው። "ሞተሯ ሞቷል" ብሎ በንዴት ፈታት፣ መልሶ መግጠም አቃተው፣ ሞተሩን በአራት ካርቶን ከትቶ ጥግ ወረወረው። ክፍፍሉ ላይ ስሟ ሲነሣ ዳኛው ፊት ሳቀ።

"ሬሳውን እሷ ትውሰድና ትቅበረው!"

ይህ ሞተር እንደ ሌላው አይደለም። ሌላው ሞተር ላይ ታች የሚል ፒስተን አለው። ይህኛው በፒስተን ፋንታ ጎኖቻቸው ያበጡ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ብረቶች አሉት፤ ወገቡ እንደ ለውዝ ቅርፊት ሰርጎድ ባለ ክፍል ውስጥ እየዞሩ ይስባሉ፣ ይጨምቃሉ፣ ያቃጥላሉ፣ ያስወጣሉ። በየማዕዘኑ ጫፍ ላይ አንዲት ቀጭን ብረት ትቀመጣለች። የክፍሉን ግድግዳ እየላሰች ነዳጁ እንዳያመልጥ የምትይዘው እሷ ናት፤ እሷ ካልያዘች ሞተሩ ባዶ ቆርቆሮ ነው። ዘይትም ይበላል። በሽታ ሆኖበት ሳይሆን እነዚያን ጫፎች ለማለስለስ እንዲበላ ተደርጎ ነው የተሠራው። ሐኪሙ ግን ይህን ሁልጊዜ እንደ ነውር ይቆጥረው ነበር። "ዘይት የሚጠጣ ሞተር ከሰካራም በምን ይለያል?" ይላል።

ቫዝሊን ካርቶኖቹን ከፍታ ዕቃውን አንድ በአንድ ስትለካ ግራ ገባት። ስድስቱም የጫፍ ብረቶች ከአዲስ እምብዛም አያንሱም። የክፍሎቹ ግድግዳ እንደ መስታወት ያበራል። ያለው ጉዳት ሲፈታ የመጣ ነው፤ አንደኛው ክፍል በካቻቢቴ ተፈልቅቆ ጥልቅ ጭረት አለበት፣ አንደኛው ሦስት ማዕዘን መሬት ወድቆ ጫፉ ተሸርፏል። ታዲያ መጀመሪያውኑ ምን ሆኖ ሞተ? ሦስት ቀን አሰበችበት። መልስ ስታጣ "የእሱ ነገር፣ ንዴት ነው" ብላ ተወችው።

ሁለት ዓመት ፈጀባት። ፍሬን እየቀየረች፣ ዘይት እየለወጠች የዕለት እንጀራዋን ታገኛለች፤ የቀረውን ሰዓት ለመኪናዋ ትሰጣለች። የተጫረውን ክፍልና የተሸረፈውን ሦስት ማዕዘን ከአንድ ከተጋጨ መኪና ላይ አግኝታ ተካች። ሞተሩ ሲገጠም እንደ ሳህን ተደራርቦ ነው፤ ወፍራም ብረት፣ ክፍል፣ ሦስት ማዕዘን፣ እንደገና ብረት፣ እንደገና ክፍል፣ በመጨረሻም ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያልፉ ረጃጅም ብሎኖች በየተራቸው ይጠብቃሉ። የጫፍ ብረቶቹና ከሥራቸው ያሉት ቀጫጭን ሞላዎች ሲደራረብ እንዳይወድቁ ቫዝሊን ተቀብተው ይያዛሉ። ሞተሩ ሲነሣ ቀልጦ ይጠፋል። መጽሐፉ የሚያዘው ነው።

ሐኪሙ ከመስመሩ ማዶ ሆኖ ጣቷን ብልቃጥ ውስጥ ስትነክር አያት። ሦስት ደንበኞች አብረውት ነበሩ።

"ኧረ ተመልከቱልኝ! ሞተር ነው የምትገጥሚው ሕፃን ነው የምታጥቢው?"

"መጽሐፉ ላይ አለ። ማንበብ ከቻልክ ገጹን ልንገርህ።"

"ፓውደሩንም አትርሺ፣ ቂጡ እንዳይላጥ!"

ሳቁ ከጋራዡ ወጥቶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ በማግስቱ ስም ሆኖ ተመለሰ። ጎሚስታው እንኳ "ቫዝሊን፣ እንደምን አደርሽ" ሲላት ስድብ መሆኑን ረስቶት ነበር።

የሐኪሙ እናት ደግሞ አሉ። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የልጃቸውን ምሳ በሳህን ከድነው ይመጣሉ። በርጩማቸው ላይ ይቀመጡና ፊታቸውን ወደ ቫዝሊን አዙረው ስለ ቫዝሊን ያወራሉ፤ ለቫዝሊን ግን አያወሩም።

"ልጄ፣ ያቺ ሰው አሁንም ያንን ቆርቆሮ ታሻሻለች?"

"ታሻሽ፣ እማዬ።"

"ምነው ባሏን እንዲህ ብታሻሽ ኖሮ!"

"እማማ፣ እኔ እዚሁ ነኝ" አለች ቫዝሊን አንድ ቀን ከመኪናዋ ሥር።

አሮጊቷ ዙሪያቸውን ተመለከቱ። "አንድ ነገር ተናገረ ልበል? አይጥ ሳይገባ አልቀረም።"

ነገሩ እንዲህ በሽሙጥ ብቻ ቢቀጥል ኖሮ ማንም አይጎዳበትም ነበር። ውሉ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው ግን አከራይዋ መጡ። ቀጠን ያሉ፣ ቸኩለው የሚናገሩ ሴትዮ ናቸው። አንድ እግራቸውን ከመስመሩ ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አድርገው ቆሙ።

"ሁለት ስም አልፈልግም። በሳምንት ሦስቴ ስልክ ትደውሉልኛላችሁ፤ እሱ ስለ አንቺ፣ አንቺ ስለ እሱ። እኔ አከራይ ነኝ ወይስ አስታራቂ? አዲሱ ውል ላይ የሚፈርም አንድ ሰው ነው። ሌላው ዕቃውን ይዞ ይወጣል።"

"ደንበኛ ያለኝ እኔ ነኝ፣ እትዬ" አለ ሐኪሙ ፈጠን ብሎ።

"የተቃጠለ ዘይት ከኋላ ቦይ ውስጥ የምትደፋውም አንተ ነህ። ጎረቤቱ የሚሰድበው እኔን ነው።" ወደ ቫዝሊን ዞሩ። "አንቺ ንጹሕ ነሽ። ግን በንጽሕና ብቻ ጋራዥ አይያዝም። ቋሚ ሥራ አለሽ?"

"የውድድር ሜዳው ክለብ አሥራ አንድ መኪና አለው፣ እትዬ። የሚይዝላቸው መካኒክ ይፈልጋሉ።"

"ሰጡሽ?"

"መጀመሪያ መኪናዬን ማየት ይፈልጋሉ።"

ሐኪሙ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ይህቺን? እግዜር ያሳያቸው!"

"አንተ ዝም በል" አሉ አከራይዋ። "የወሩ መጨረሻ ሰኞ እመጣለሁ። ክለቡ ሥራውን እንደሰጠሽ የተጻፈ ወረቀት ካሳየሽኝ ውሉ ያንቺ ነው። ካላሳየሽኝ የእሱ።"

ክለቡም ቢሆን እጁን ዘርግቶ አልጠበቃትም። ሥራ አስኪያጁ በስልክ የነገራት አጭር ነበር፦ "የራሷን መኪና በሰው መኪና ጀርባ ጭና የምትመጣ መካኒክ አልፈልግም። መኪናሽ በጎማዋ ትምጣ፣ ግማሽ ሰዓት ሜዳው ላይ ትሩጥ፣ በጎማዋ ትመለስ።" የሰጣት ቀን ቅዳሜ አራት ሰዓት ነው፤ ከዚያች ሰኞ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ቅዳሜ።

በዚያ ወር ቫዝሊን መኪናዋን ለሁለት ኑሮ አሰናዳቻት። ለሜዳው ሰፋ ያለ የዘይት ማቀዝቀዣ፣ አዲስ ፍሬን፣ በአራት ቦታ የሚያስር ቀበቶ አስገባች። ለመንገዱ መብራቷን፣ ታርጋዋን፣ የዝናብ መጥረጊያዋን ሳትነካ ተወች። ድምፅዋ ጆሮ የሚበጥስ ነበርና ሁለት ማርሚታ አከታትላ በየደችላት፤ ብየዳውን ሦስት መንገድ ርቃ ሄዳ በሰው ጋራዥ ነው የሠራችው፣ ሐኪሙን ከመለመን ብላ። ጠዋት ጠዋት በዝግታ እየነዳች አፍታታቻት። የመንገድ ምርመራውን አለፈች። ዓርብ ከሰዓት አጥባ፣ ነዳጅ ሞልታ፣ አፍንጫዋን ወደ በሩ አድርጋ አቆመቻት። ቁልፉን እላይዋ ላይ ተወችው። የጋራዡ ልማድ ነው፤ እሳት ቢነሣ መኪናውን ማንም እንዲያወጣው ቁልፍ ከመኪና አይነቀልም።

ቅዳሜ አንድ ሰዓት ላይ መጣች። ሐኪሙ ቀድሟት ገብቶ ነጭ ፒክአፕ ላይ ተደፍቶ ይሠራል። ሰላምታ አልተሰጣጡም። ገብታ ተቀመጠች፣ ቁልፉን አዞረች።

ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ሹርርር አለ። ፈጣን፣ ለስላሳ፣ ባዶ። ምንም የሚታገለው ነገር የለም። እንደገና አዞረች፤ ያው ሹርርር። ከዚያ የቤንዚን ሽታ አፍንጫዋን መታት። ወርዳ መሬቱን አየች። ጎማዎቹ ትናንት ካቆመችበት ወደ ኋላ ሸሽተዋል።

"ማን ነካት?"

"አፍንጫዋ ጠመም ብሎ መስመሬን አልፎ ነበር" አለ ሐኪሙ ቀና ሳይል። "አንድ ስንዝር። ፒክአፑን አላስገባ አለኝ። አስነሥቼ መለስኳትና አጠፋኋት።"

"መቼ?"

"ስመጣ። ግማሽ ሰዓት ይሆናል።"

"ስንት ደቂቃ አስነሣሃት?"

"የምን ደቂቃ! ለአንድ ስንዝር ስንት ደቂቃ ይፈጃል?"

ቫዝሊን የመኪናዋን ጣሪያ ይዛ ቆመች። ይህ ሞተር ቀዝቃዛ ሳለ ተነሥቶ ወዲያው ከጠፋ ይሰጥማል። ሲነሣ የሚረጨው ብዙ ነዳጅ ሳይቃጠል ክፍሎቹ ውስጥ ይቀራል፣ ጫፎቹን የሚያለሰልሰውን ዘይት አጥቦ ይወስዳል፣ ዘይቱ ሲሄድ ጫፎቹ መያዝ ያቆማሉ። ካስነሡት እስኪሞቅ መጠበቅ ነው፤ ካልጠበቁት እንዲህ በባዶው ይሽከረከራል። ይህን ሞተር የያዘ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፒስተን ላይ ያረጀ ሰው አያውቀውም።

ፊቱን አየችው። ተንኮል ቢሆን ኖሮ ደስታው ያስታውቅ ነበር። ፊቱ ላይ ያለው ግን የመስመሩ ክብር ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ሁለት ዓመት የለፋችበትን የገደለባት ጠላትነት እንኳ አይደለም፤ አንድ ስንዝር ነው።

"ድሮም የሞተች ናት" አለ ሐኪሙ። "ቀኗ ደርሶ ነው።"

ሰዓቷን አይታ ክዳኑን ከፈተች። የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ ነቀለች። እሳት የሚጭሩትን አራቱን ካንዴላዎች ፈታች፤ አራቱም ከውሃ የወጡ ይመስል ይንጠባጠባሉ። ቁልፉን አዞረች፤ ሞተሪኖው ሲሽከረከር በካንዴላዎቹ ቀዳዳ ቤንዚን እንደ ጉም ተተፋ። አቆመች፣ ጠበቀች፣ ደገመች። ሦስተኛው ላይ ሞተሪኖው አዘገመ፤ ባትሪው እየደከመ ነው።

ቀጥ ብላ መስመሩን ተሻገረች። የፒክአፑን ክዳን ይዛ ባትሪውን መፍታት ጀመረች።

"ምን እያደረግሽ ነው? መስመሩን አለፍሽ!"

"አንተስ የኔን መኪና በርቀት ነው ያስነሣኸው?"

"የደንበኛ ባትሪ ነው!"

"በአንድ ሰዓት ይመለሳል። ካልፈለግህ ና ንጠቀኝ።"

መፍቻው እጇ ላይ ነበር። አልነጠቃትም። እጁን አጣጥፎ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ መስመሩ ጫፍ ላይ ቆሞ ያያት ጀመር። ባትሪውን በራሷ ፋንታ አሰረችና በየክፍሉ አንድ አንድ ማንኪያ ዘይት በቀዳዳው አፈሰሰች። ካንዴላዎቹን አደረቀች። ከዚያ ዘይቱ እንዲዳረስ ካንዴላዎቹን ሳትመልስ ሞተሪኖውን ትንሽ አዞረች። ሹርርር።

"ያኔም እንዲህ ነበር የምትለው" አለ ሐኪሙ።

"ምን አልክ?"

"ድምፅዋ። ባዶው።" ለእሷ ሳይሆን ለራሱ እንደሚናገር ነበር። "ዝናብ ነበር። ከደጅ ወደ ውስጥ አስገባኋትና አጠፋኋት። በማግስቱ ጠዋት እንዲህ..."

ቫዝሊን ቀስ ብላ ቀና አለች። ሦስት ቀን ያሰበችበት ነገር፣ ከአዲስ የማያንሱት የጫፍ ብረቶች፣ መስታወት የሚመስለው ግድግዳ፣ ሁሉም በአንዴ ገባት። ሞተሩ አልሞተም ነበር። ሰጥሞ ነው። ጤነኛ ሞተር ነው በካቻቢቴ ፈልቅቆ የገደለው።

"አራት ካንዴላ መፍታት ነበር" አለች። ድምፅዋ ለራሷም ቀዘቀዘባት። "አራት ካንዴላና ሁለት ማንኪያ ዘይት።"

"ዝም በይ።"

"ስምንት ዓመት ሙሉ በካርቶን፣"

"ዝም በይ አልኩ!"

ሰዓቱ ሄዷል። ካንዴላዎቹን መለሰች፣ ፊውዙን መለሰች፣ ቁልፉን አዞረች። አንዴ ሳለ። ሁለቴ ሳለ። በሦስተኛው ሞተሩ አጓርቶ ተነሣና ነጭ ጭሱ ጋራዡን ሞላው፤ መስመሩም፣ ፒክአፑም፣ ሐኪሙም ከዓይን ጠፉ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው "እሳት! እሳት!" ብሎ ጮኸ። ቫዝሊን የሙቀት መለኪያው ግማሽ እስኪደርስ ከመሪው ሳትለቅ ጠበቀች። ሞተሩን ሳታጠፋ ባትሪውን አውጥታ፣ የራሷን አሰረች፣ የእሱን መስመሩ ላይ አስቀመጠችለትና ወጣች። ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር።

ሜዳው ላይ የደረሰችው ለአራት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀር ነው። ሥራ አስኪያጁ ወረቀት ይዞ በር ላይ ቆሟል። ጎንበስ ብሎ የተሳፋሪውን ወንበር አየ።

"ነጂው የታለ?"

"እኔ ነኝ።"

"መካኒኳ አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"እሱም እኔ ነኝ።"

"ዘይት ዘይት ትሸታለች።"

"እንድትሸት ሆና ነው የተሠራችው።"

ፈገግ አላለም። የድምፅ መለኪያውን ከኋላ ደገነ፤ የሚፈቀደው ጣሪያ ላይ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት አለፈች። "ግቢ" በሚል ዓይነት እጁን ወረወረ።

ግማሹ ሰዓት ረጅም ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሌሎቹ መኪናዎች በጎኗ እየነፈሱ አለፏት፤ አንደኛው ነጂ በመስኮት እጁን እያወዛወዘ ከመንገድ እንድትወጣለት ነገራት። አልቸኮለችም። ዓይኗ ከዘይቱና ከሙቀቱ መለኪያ አይነቀልም። አሥረኛው ዙር ላይ ሁሉም በቦታው መሆኑን ስታምን ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠችው። ይህ ሞተር ቀስ ብሎ ሲዞር ሰነፍ ነው፤ ሲፈጥን ግን መጮኽ እንጂ መድከም አያውቅም። መጀመሪያ እጁን ያወዛወዘባትን ሰውዬ ጥምዝ መውጫ ላይ ደርሳበት አለፈችው። እጇን አላወዛወዘችም፤ ማርሽ መቀየር ነበረባት።

ወጥታ ስትቆም ሥራ አስኪያጁ መስኮቷን አንኳኳ። "አጥፊያት።"

አጠፋች።

"አሁን አስነሺ።"

ሰውዬው ያውቃል። የዚህ ሞተር እውነት የሚታየው ሲሞቅ ነው፤ ጫፎቹ የደከሙ ከሆነ ቀዝቃዛ ሳለ ይነሣና ሞቆ እምቢ ይላል። ጠዋት ደግሞ በቤንዚን ታጥበዋል። ቁልፉን አዞረች። ሞተሪኖው አንዴ፣ ሁለቴ ዞረ፤ ተነሣ።

ሰውዬው ለጥቂት ጊዜ አዳመጠ። "የሞቀውን የማያስነሣ መካኒክ ነው የሚበዛው" አለና ወረቀቱን በመኪናዋ ክዳን ላይ አስደግፎ ፈረመ። "ማክሰኞ የመጀመሪያውን መኪና እልካለሁ። ብታበላሺብኝ ግን ይቺ ክዳን ላይ አልፈርምም፣ እቀጠቅጣታለሁ።"

በጎማዋ ተመለሰች።

ሰኞ አከራይዋ ሲመጡ አሮጊቷም ምሳውን ይዘው ደርሰው ነበር፣ የፒክአፑም ባለቤት ቆሟል። ቫዝሊን ወረቀቱን ሰጠች። አከራይዋ መነጽራቸውን አድርገው እስከ ታች አነበቡት።

"አሥራ አንድ መኪና። ማኅተም አለው።" ወደ ሐኪሙ ዞሩ። "የምትለው ካለህ ተናገር።"

የሐኪሙ ፊት ደም ለብሶ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ሲያብሰለስለው የከረመ ነገር እንዳለ ያስታውቃል።

"እትዬ፣ ተታለዋል። ክለቡም ተታሏል። ይህቺ ሴት ሞተር አታውቅም! እኔ ያስተማርኳት ናት፣ ዕቃ አጣቢ ናት!"

"መኪናዋ ሄዳ መጥታለች እኮ።"

"ብትሄድስ! እሷ ምን ሠራችና ነው? ምንም አልሠራችም! ሞተሩ ድሮም ደህና ነበር!"

አከራይዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ድሮም ደህና ነበር?" አሉ አከራይዋ ቀስ ብለው።

"ምንም አልነበረበትም! እግዜር ምስክሬ ነው!"

"ደህና ከነበረ ታዲያ ማን ፈታው?"

ሐኪሙ አፉን ከፈተ። መልሱ ከአፉ በፊት ፊቱ ላይ ደረሰ። የፒክአፑ ባለቤት በሳል አስመስሎ ሳቀ፤ ከዚያ ግን የገዛ መኪናውን አይቶ ሳቁን አቆመ።

"ጌታዬ፣ የኔንስ ሞተር ስትፈታው ታሞ ነበር?" አለ።

"አትመልስለት፣ ልጄ" አሉ አሮጊቷ። "ሰው ሁሉ ይሳሳታል። እሷ ግን ሰው ናት?"

አከራይዋ ብዕር አወጡ። ቫዝሊን ፈረመች። ደስ አላላትም፤ የደስታው ተራ ገና አልደረሰም።

"እስኪወጣ ስንት ቀን ልትሰጪው ትፈልጊያለሽ?" አሏት።

"ሦስት መኪና ፈትቷል። ባለቤቶቹ ምን አጠፉ? አሥራ አምስት ቀን።"

"ምጽዋት አልጠየቅኩሽም!" አለ ሐኪሙ።

"ለአንተ አይደለም የሰጠሁት።"

አሥራ አምስቱንም ቀን ተጠቀመባቸው። በሦስት ቀን የሚያልቀውን ፒክአፕ በመኪና ማንሻው ላይ ሰቅሎ፣ ብሎን በቀን አንድ እያጠበቀ፣ እያፏጨ ከረመ። ማንሻው በእሱ በኩል ነው፤ በጋራዡም ያለው አንድ ብቻ ነው። ማክሰኞ የክለቡ መኪና የማርሽ ሳጥኑ፣ ካምቢዮው፣ ተሰብሮ ሲመጣ ቫዝሊን "አውርድልኝ" ብላ አልጠየቀችውም። መኪናውን በክሪክ አንሥታ፣ ከሥሩ ግንድ ደግፋ፣ ካርቶን አንጥፋ በጀርባዋ ገባች። ካምቢዮውን ደረቷ ላይ ተቀብላ አወረደች፣ ሠራችው፣ ደረቷ ላይ አድርጋ መለሰችው። ትከሻዋ ለሳምንት አልታዘዝ አላት። በየቀኑም ከመስመሩ ማዶ "አይከብድሽም?" የሚል ድምፅ ይመጣላት ነበር።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጠዋት ቀድማው ገባች። ፒክአፑ አሁንም ተሰቅሏል፤ ሐኪሙ የለም፣ የመፍቻ ሳጥኑ ግን አለ። ባለቤቱን በስልክ ጠራችው። ሰውዬው ሲመጣ የቀሩትን አራት ብሎኖች አጠበቀች፣ አወረደችለት፣ አስነሥታም እስኪሞቅ አዳመጠችው።

"ደህና ነው?" አላት ሰውዬው በጥርጣሬ።

"ቫልቮቹ ልክ አይደሉም። ማንኳኳታቸው እኮ ይሰማል። ወስደህ እሱ ጋ መጨረስ ትችላለህ፤ አዲስ ቦታ ማግኘቱ አይቀርም።"

ሰውዬው መሪውን ይዞ አሰበ። በሩ ላይ ሐኪሙ እናቱን አስከትሎ ብቅ ሲል አየና ሞተሩን አጠፋ፣ ከመኪናው ወርዶ ቁልፉን ለቫዝሊን ሰጣት።

"አንቺ ለኪልኝ" አለ።